የእትዬ በላይነሽ አጭር ደጋን

ቦንጋ የገባሁት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የምደባ ደብዳቤዬን በፌስታል ጠቅልዬ የሥልጠና ማዕከሉ የእንጨት ሥራ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ደብዳቤውን ተቀብለው አንዴ አነበቡት። መነጽራቸውን በጋዋናቸው ጠርገው ደገሙት።

«የልብስ ስፌት ክፍል በወዲያ በኩል ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ደብዳቤው እንጨት ሥራ ነው የሚለው።»

«እሱንማ አንብቤዋለሁ። ጻፊዋ ተሳስታ ይሆናል ብዬ ነው።»

እንዳልተሳሳተች ነገርኳቸው። ከመሳቢያ አንድ የደነዘ መሮ አወጡና ከመሳያ ድንጋይ ጋር ፊቴ አስቀመጡት። አማተብኩ። ድንጋዩን በውሃ አርሼ መሳል ጀመርኩ። ሠልጣኞቹ ሥራቸውን ትተው ያዩኝ ነበር፤ አንዱ «ሽንኩርት ልትከትፍበት ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ስጨርስ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ እጅጌያቸውን ሰብስበው መሮውን ክንዳቸው ላይ አሳለፉት። ፀጉሩ ተላጨ።

«ነገም ነይ» አሉ። «ነጠላሽን ግን ከማሽን አርቂ። ማሽን ሃይማኖት አያውቅም።»

የመጀመሪያው ቀን ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስድስቱን ዓመት ረዳት አሰልጣኝ ነበርኩ፤ ከዚያ አሰልጣኝ፣ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ የክፍል ኃላፊ ሆንኩ። የተወለድኩት ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በእግር ሦስት ሰዓት ከሚያስኬድ ገጠር ነው። ስመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ ዝውውር ለመጠየቅ ነበር ሐሳቤ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። ሦስተኛውን ማመልከቻ ሳልጽፈው ቀረሁ።

እንጨትን ለይቶ ማወቅ የተማርኩት እዚህ ነው። ዋንዛ ለጠረጴዛና ለአልጋ፣ ቀረሮ ለበርና ለመስኮት፣ ዝግባ ለጣሪያ፣ ወይራ ለመዶሻ እጀታ። የክፍላችን ዋና ሥራ የተማሪ ዴስክ ነበር፤ መደርደሪያ፣ በርና መስኮትም እንሠራለን፤ አልፎ አልፎ የቤተ ክርስቲያን አትሮንስ ይታዘዛል። የዚህ አገር እንጨት ጠላቱ እርጥበት ነው። በጥር የገጠማችሁት በር በሐምሌ አልዘጋም ይላል። ይህንንም በስንት ተመላሽ በር ተማርኩ።

ከሠራሁት ሁሉ ግን ሥራዬን ያስተማረኝ አንድ አጭር ደጋን ነው። ለማያውቁት ወጣቶች ልንገር፤ ደጋን ጥጥ መንደፊያ ነው። እንጨት ተቀልሶ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ጅማት ይወጠርበታል። ፍሬው የወጣለት ጥጥ ሰሌን ላይ ይዘረጋል፤ ነዳፊዋ ደጋኑን በግራ እጇ ይዛ ጅማቱን ጥጡ ላይ አድርጋ በቀኝ ጣቶቿ ትመታዋለች። ጅማቱ ሲርገበገብ ጥጡ እየተፈታ ይነፋል። ከዚያ ባዘቶ ሆኖ ይፈተላል። በደንብ ያልተነደፈ ጥጥ ሲፈተል ይቋጠራል፣ ይበጠሳል።

ነገሩ የመስቀል ሰሞን ነው የጀመረው። እትዬ በላይነሽ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘው ወርክሾፕ መጡ። ከቤተ ክርስቲያን ነበር የምንተዋወቀው፤ በሴቶች በኩል እሳቸው ከሚቆሙበት ምሰሶ አጠገብ ነው የምቆመው። እዚሁ ካፋ ውስጥ የሺሺንዳ ሰው ናቸው፤ ቦንጋ ካገቡ ጀምሮ ኖረዋል። አማርኛቸው አጭር አጭር ነው፤ ሲናደዱ ወደ ካፍኛ ይሻገራሉ። የሠፈራቸው ፈታዮች በማኅበር ይሠራሉ፤ ሰባቱም ሴቶች ጥጣቸውን የሚያስነድፉት እሳቸው ጋ ነበር።

በክረምቱ ከገበያ ሲመለሱ ጭቃ አዳልጧቸው በግራ በኩል የአንገታቸው አጥንት ተሰብሯል። ድኗል፤ ግን ክንዳቸው ከጡታቸው በላይ አይነሣም።

ጨርቁን ፈቱት። ደጋናቸው ነው፤ በእጅ ብዛት ጠቁሮ የሚያብረቀርቅ። ስለካው አንድ ሜትር ከሃያ ሆነ።

«ይህን አሳጥሪልኝ» አሉ።

«ማን ሠራው እትዬ?»

«ባለቤቴ። ነፍሱን ይማር። ቁረጪው።»

«ይህንን አልቆርጥም። አጭር አዲስ እሠራልዎታለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ምን አስቸኮለዎት?»

ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ። ልጃቸው ተስፋዬ ጅማ ነው የሚሠራው። በስልክ «ለጥምቀት እመጣለሁ፤ እጅሽ የማይሠራ ከሆነ ዕቃሽን ጭኜ ይዤሽ እመጣለሁ» ብሏቸዋል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እናቱ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ሰግቶ ነው።

«ጅማ ምን አደርጋለሁ?» አሉ። «ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ቆሜ በመስኮት መኪና ልቁጠር? እዚህ ሰባት ሴት በሬን ትመታለች። እዚያ ማን ይመታል?»

 ከአገር መውጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ገና በወጣትነቴ፣ በራሴ እግር ነው የመጣሁት።

ለጥምቀት አደርሳለሁ አልኳቸው።

እንደተማርኩት በፕላን ጀመርኩ። የድሮውን ደጋን ልክ ወስጄ በሦስት አካፍዬ ሁለቱን እጅ ያዝኩ፤ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር። ከላይ የሚታየውን፣ ከጎን የሚታየውን፣ ከፊት የሚታየውን በሦስት ሣልኩ። ከክፍሉ ካለን እንጨት ምርጡን፣ ሦስት ዓመት የደረቀ የዋንዛ ጣውላ አወጣሁ። ቅርጹን በእርሳስ አስተላልፌ ቅልሱን እንዳለ በማሽን መጋዝ ቆረጥኩት። በሞረድ አለሰለስኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ሁለት እጅ ቬርኒሽ ቀባሁ።

የማዕከሉ ዲን ሊጎበኙ ገብተው አዩት። «ምንድን ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። «ሪፖርቱ ላይ በየትኛው ይገባል? ዴስክ፣ በር፣ መደርደሪያ ነው ያለው።»

«‹ልዩ ልዩ› የሚል ሳጥን አለ።»

«እሱ ሳጥን እስካሁን ተሞልቶ አያውቅም» አሉና ፈርመው ወጡ።

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሥራችንን ይነቅፋሉ። ያን ሐሙስ ደጋኑን አገላብጠው አዩት።

«ያምራል» አሉ። «የሚሰቀለው ሳሎን ነው?»

«ጥጥ ሊነደፍበት ነው።»

«እስቲ ወጥሪው።»

አንዱን ጫፍ መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ ደግፌ ጅማቱን አሰርኩና ሳብኩ። ከጫፉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቀጭ አለና ተሰበረ። ስባሪው ተፈናጥሮ የመስኮቱን ፍሬም መታ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ጎንበስ ብለው አነሡትና የተሰበረበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«ይሄን ገበሬ አይሳሳተውም» አሉ። «አናጢ ብቻ ነው የሚሳሳተው።»

እውነታቸውን ነው። እንጨት ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄድ መስመር አለው። ጣውላው ውስጥ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። እኔ ቅልስ አድርጌ ስቆርጠው መስመሩን ጫፉ ላይ አቋርጬዋለሁ፤ ስለዚህ እዚያ ላይ የሚያያይዘው ነገር የለም። ዴስክ ስለማይለመጥ ይህ አያስጨንቅም። ገበሬ መጋዝ ስለሌለው እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ የተሰነጠቀ እንጨት ደግሞ መስመሩን ይዞ ነው የሚወጣው።

ሁለተኛውን ከወይራ ሠራሁት። በመጥረቢያ ሰንጥቄ በመላጊያ አስተካክዬ፣ ያው ሰማንያ ሳንቲ ሜትር። አልተሰበረም። ደስ ብሎኝ ቅዳሜ ቤታቸው ድረስ ወሰድኩት።

እትዬ በላይነሽ ሰሌናቸው ላይ አንድ እፍኝ ጥጥ ዘርግተው ጅማቱን መቱት። ጥጡ እንደመፈታት ተቦጨቀ። ጣታቸውን አራገፉ።

«ይሄ ለአሳማ አደን ነው» አሉ። «ጥጡ ምን አጠፋ?»

ውፍረቱን ሳልቀንስ ርዝመቱን ብቻ ስለቀነስኩ ነው የደረቀው። እንጨት ሲያጥር እልኸኛ ይሆናል። እዚያው ቁጭ ብዬ በሞረድ አሳሳሁት። ትንሽ ለዘበ። ክብደቱ ግን የወይራ ክብደት ነው። እሳቸው እንዳላዝን ብለው «በቃ፣ ደህና ነው፣ ተዪው» አሉኝ፤ እኔም አምኜ ሄድኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳያቸው ግራ ክንዳቸው በነጠላ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሦስት ቀን ነድፈውበት ትከሻቸው አብጧል። ቅዳሴው እስኪያልቅ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ስንወጣ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር «ወይራው ነው እንጂ አንቺ ምን አደረግሽ» አሉ። ወይራውን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ቀርከሃ ነበር። ቀላል ነው፤ ድምፁም ጥሩ ነበር። ከገበያ በገዛሁ በሁለተኛው ቀን ነው የሠራሁት። ተወጥሮ አራት ቀን እንደቆየ ጎብጦ ቀረ፤ ጅማቱም ላላ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ «መቼ የተቆረጠ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላወቅሁም። ሃያ ዓመት «እርጥብ እንጨት አትሥሩ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ቀኑ እየቀረበብኝ ስለነበር አልጠየቅሁም።

ኅዳር ተጋመሰ። ተስፋዬ ደውሎ መኪና መያዙን ለእናቱ ነግሯቸዋል። ከፈታዮቹ ሁለቱ ጥጣቸውን በማሽን ለማስነደፍ ሌላ ከተማ መላክ ጀምረዋል። እትዬ በላይነሽ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ሰሌናቸው ግን ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ አየሁት።

ያን ቀን ማምሻውን እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትነድፍና ስትፈትል የኖረች ናት። እኔ ከሥሯ ሆኜ መሮ እንጂ እንዝርት ያልያዝኩ ልጇ ነኝ።

«እማዬ፣ ያ ደጋንሽ ስንት ሜትር ነበር?»

«ሜትር? ደጋን ምን ሜትር አለው!»

«ርዝመቱን ነው የምልሽ።»

«ከብብቴ እስከ መሐል ጣቴ ጫፍ።»

«የጎረቤታችን የማሬስ?»

«የሷማ ይረዝማል። እሷ ዘንካታ አይደለች? በኔ ደጋን መች ትነድፋለች!»

«ታዲያ ማን ነበር የሚለካው?»

«ሠሪው ነዋ! መጥቶ ያስቀምጥሽና እጅሽን ይለካል። እንጨቱን ኋላ ነው የሚፈልገው።» አለች። «አንቺ እዚያ አገር ይህን ያህል ዓመት አናጢ ነኝ ስትይ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ዴስክ» አልኳት።

ዴስክ ልጅ እየተለካ አይሠራም። ልኩ ከቢሮ ይመጣል፤ አጭሩም ረጅሙም ልጅ እንደ ዴስኩ ይሆናል። ለእትዬ በላይነሽም ያደረግሁት ያንኑ ነው። ሦስት ደጋን ስሠራ የባላቸውን ሥራ ለካሁ እንጂ እሳቸውን አንድ ጊዜም አልለካሁም።

በማግስቱ ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ሰሌኑን ዘረጋሁ፤ እትዬ በላይነሽን በርጩማቸው ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ምን ልታደርጊኝ ነው? ቀሚስ ልትሰፊልኝ?»

«ጥጥ እየነደፉ እንደሆነ አድርገው ይቀመጡ። ክንድዎን አያንሡ። የማያምዎት የት ላይ ነው?»

ግራ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። እጃቸው ከጉልበታቸው ፊት ለፊት፣ ከሰሌኑ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ተንጠለጠለ። ትከሻቸው አረፈ። እዚያ ላይ ነበር የሚችሉት። ደጋኑ ሲያዘነብል የታችኛው ጫፍ መሬት እንዳይነካ፣ የላይኛው ጫፍ አገጫቸውን እንዳይመታ አድርጌ በዘንግ ሞከርኩት። የሚበቃው ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ፣ በዚያ ላይ የራሳቸው አንድ ስንዝር ነበር። አንድ ክንድ ከስንዝር። በሜትር ስድሳ ሁለት ይመጣል። የጭብጣቸውንም ልክ በክር ወሰድኩ።

አሁን ጥያቄው የእንጨቱ ነበር። እንዲህ አጥሮ የሚለመጥ፣ ተለምጦ የሚመለስ፣ እንደ ወይራ የማይከብድ፣ እንደ ቀርከሃው ጎብጦ የማይቀር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ባለው የቡና ማሳቸው ጋበዙኝ። ለቀማ ላይ ነበሩ። ጾመ ነቢያት ስለገባ ባለቤታቸው ቆጮ በጎመን አቅርበውልኝ እሱን እየበላሁ ለቃሚዎቹን አያለሁ። አንዲት ለቃሚ ከራሷ በላይ የቆመ የቡና ግንድ በአንድ እጇ ያዘችና ወደራሷ ሳበችው። ጫፉ ወገቧ ድረስ ወረደ። ፍሬውን ጨርሳ ስትለቀው ሽው ብሎ ተመልሶ ቆመ። ወደሚቀጥለው ሄደች፤ እሱንም እንዲሁ።

ቆጮዬን አስቀመጥኩ።

«ጋሽ ወልደጊዮርጊስ፣ ይህ ግንድ በየዓመቱ እንዲህ ይሳባል?»

«በየዓመቱ። ለምን?»

«አይጎብጥም?»

«ቡና ይጎብጣል? ታያለሽ አይደል እንዴ፣ ቆሟል።»

«አንድ ይስጡኝ።»

መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ቀልድ እንዳልሆነ ሲያውቁ ፊታቸው ተለወጠ። «የሺ፣ በእንግድነት መጥተሽ ዓይኔን ላውጣ ትያለሽ? ቡና ለእንጨት አይቆረጥም። እንጨት ከጠፋ ጫካው ያውልሽ። የግብርና ባለሙያው ‹ያረጀውን ጎንድሉት፣ ከጉቶው አዲስ ያበቅላል› ሲለኝ ሦስት ዓመት እንቢ ያልኩ ሰው ነኝ። ይሄን እናቴ ናት የተከለችው።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። እንደ ሰሜን ሰው ቡናው ተራ እንጨት መስሎ ታይቶኝ ነበር። ያን ቀን ሌላ አላነሣሁም። ስሄድ ግን ስለ ማን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ለጥምቀት ምን እንደሚመጣም ነገርኳቸው። እትዬ በላይነሽን እንደማያውቋቸው ነገሩኝ።

በሁለተኛው ሐሙስ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር በትከሻቸው ይዘው ገቡ። አግዳሚያቸው ላይ አልተቀመጡም። ቅጠሉን ገለጡት። የእጅ አንጓ የሚያህል ቀጥ ያለ የቡና ግንድ ነበር።

«ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ነው የቆረጥኩት» አሉ። «ከጉቶው ይበቅላል ይላሉ።»

«ይበቅላል ጋሼ።»

«አንቺ የጤፍ አገር ሰው፣ ስለ ቡና ምን ታውቂያለሽ! መጋዝ እንዳታስነኪው። ሽብልቅ አምጪ።»

ጫፉን በመጥረቢያ ጭረው የወይራ ሽብልቅ አስገቡ፤ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ መቱ። ግንዱ መስመሩን ይዞ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቹን ደግመው ከፈሏቸው። ከአራቱ ሦስቱ የቅርንጫፍ ጉጥ ነበረባቸው። አራተኛው ንጹሕ ነው። እሱን ለየሁ። የቀረውን ጋሽ ወልደጊዮርጊስ በዚያው ቅጠል ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ፤ ምን እንዳደረጉበት አልጠየቅሁም።

እንዳይሰነጠቅ ሁለቱን ጫፎች ሰም ቀባኋቸውና እንጨቱን ከእትዬ በላይነሽ ምድጃ በላይ ባለው ቆጥ ላይ አስቀመጥነው። ጢሱ በሩቁ ያገኘዋል፤ እሳቱ አይነካውም። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ያገላብጡታል። እኔ በሳምንት አንዴ እየሄድኩ በወርክሾፑ ሚዛን እመዝነዋለሁ። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ክብደቱ ሳይቀንስ ሲቀር ደርቋል ማለት ነው። ገና አለፈ። ለጥምቀት አሥር ቀን ቀርቶናል።

የሠራሁት እንዲህ ነው። ልጡን ልጬ ከልጡ ሥር ያለውን ፊት ምንም ሳልነካ የደጋኑ ጀርባ አደረግሁት፤ ሲለመጥ የሚወጠረው እሱ ነው። ሆዱን ብቻ በቢላ ፋቅሁ። መሐሉን የጭብጣቸውን ልክ ተውኩት፤ ከዚያ ወደሁለቱ ጫፍ እያሳሳሁ ሄድኩ። በየጥቂቱ ጅማት አስሬ ግድግዳ ላይ ካሠመርኩት መስመር ጋር እያስተያየሁ ስቤ አየዋለሁ፤ የደነደነው ጎን ይፋቃል፣ የለመጠው ይተዋል። መጨረሻውን በስባሪ ብርጭቆ ላግሁት። ይህ ብቻ አራት ቀን ፈጀ። ማሽን አልነካውም።

ቬርኒሹን ተውኩት። እትዬ በላይነሽ ቤታቸው ወስጄ ላሳያቸው «ቅቤ እንቀባው» አሉ።

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው እትዬ።»

«እንጨት ይጾማል?»

«እጄ ይጾማል።»

ሳቁብኝ። ኑግ ዘይት አመጡልኝ። ጅማቱ ከምድጃው አጠገብ ተሰቅሎ ስለከረመ ደርቆ ጠብቋል። ወጠርኩት። እንጨቱ ጎንበስ አለ፤ ሁለቱም ጎን እኩል።

ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው መቱት። እዝዝ አለ። ጥጡ ተነሣ፣ ተበተነ፣ ተመልሶ ወረደ። ሁለተኛ መቱ።  አንዱን እፍኝ ጨርሰው ሁለተኛውን ጨመሩ። እኔ የማየው ጥጡን ሳይሆን ትከሻቸውን ነበር። አልተነሣም።

«እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ዝም በይ፤ ልስማ።»

በከተራ ዕለት ጠዋት የጅማቱን ማሰሪያ ላጠባብቅ ሄጄ ሳለ መኪና ደጅ ቆመ። ተስፋዬ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የእናቱን ሳጥን የሚያስርበት አዲስ የናይለን ገመድ በክንዱ ጠቅልሎ ገባ። እናቱ ሰሌኑ ላይ ነበሩ። ቤቱ ውስጥ ጥጥ ይበናል።

«እማዬ፣ ዕቃሽን አላዘጋጀሽም እንዴ?»

«ጫማህን አውልቅ። ጥጡን ረገጥከው።»

አወለቀ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «ሐኪሙ ክንድሽን አታንሺ ብሎሽ የለ?»

«የታለ ያነሣሁት? እየው።»

አየ። ክርናቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ ትከሻቸውን ተራ በተራ አየ። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አለኝ። አዎ አልኩት። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። እናቱ ሥራቸውን አላቆሙም።

«ድምፁ የድሮው አይደለም» አለ ቆይቶ።

«የድሮው ያባትህ ነው። ያው እዚያ ተሰቅሏል። ይሄ የኔ ነው።»

«ጅማስ?»

«ለፋሲካ እመጣለሁ። ዶሮ ግዛ።»

ተስፋዬ ጥጥ የለበሰ ኮቱን እያራገፈ ሳቀ። መኪናውን አሰናበተ። ጥምቀትን ከእናቱ ጋር አክብሮ በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ ተመለሰ፤ ገመዱን እዚያው ትቶት ሄደ። እትዬ በላይነሽ የጥጥ ጆንያቸውን ከምሰሶው ጋር አሰሩበት። እስከ ዛሬ በዚያው ነው የሚታሰረው።

እንደ ድሮው ለሰባቱም አይነድፉም። ለአራቱ ይነድፋሉ፤ ጠዋት ብቻ። የቀሩት በማሽን ያስነድፋሉ። የደጋኑ ጅማት ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ እንጨቱ እንዳለ ነው፤ አልጎበጠም። የጋሽ ወልደጊዮርጊስ ጉቶ ሦስት ቀንበጥ አውጥቷል። ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ሐሙስ ቀን፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ሌላ ነገር ሲነቅፉ በመሐል።

እኔም ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ለአዲስ ሠልጣኞች መጀመሪያ የማስይዛቸው እንደ ድሮው የደነዘ መሮ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ሜትር እሰጣቸውና እርስ በርሳቸው አስለካካቸዋለሁ፤ ተቀምጠው፣ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው። ይስቃሉ። ሲጨርሱ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ሥራ ሲታዘዝ መጀመሪያ የሚለካው በዕቃው የሚሠራው ሰው ነው። እንጨት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።